ታይፒስት ያልተጠራባቸው ጉባኤዎች

የአማርኛ ፊደል በመኪና እንዴት ይጻፍ ተብሎ በተመከረ ቁጥር የታይፒስት ስም ይነሣል። ፊደሉ ይቀነስ የሚሉት ታይፒስቷ ትደክማለች ይላሉ፤ አይነካ የሚሉት ደግሞ ትለምደዋለች ይላሉ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ ታይፒስቷን የጠራ ጉባኤ ግን አላውቅም። እኔ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ የሰው ጽሑፍ ስመታ ነው የኖርኩት። መጀመሪያ በጽሕፈት መኪና፣ ቀጥሎ በኮምፒውተር፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ለሚ ኩራ፣ ሰሚት በከፈትኳት ትንሽ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት። ለጉባኤ የሚቀርቡ ጥናቶች በእጄ አልፈዋል፤ ስለ ራሱ ስለ ፊደሉ የተጻፉም አሉባቸው። እናም ታሪኩን ከቁልፉ በኩል ሆኜ ልጻፈው።

ፊደላችንና መኪና የተገናኙት ከአገር ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይኸው ነው። ቋንቋውን ያስተማሩት በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነበሩ። ለአታሚ የፊደል ብዛት ያን ያህል ጭንቅ አይደለም፤ እርሳሱ ለየፊደሉ ይቀረጻል፣ የሚቀመጥበት ሣጥን ይሰፋል፣ ለቃሚው ቦታውን ያጠናል። ጭንቁ የመጣው ከጽሕፈት መኪና ጋር ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ከ250 ያልፋሉ። መኪናው ያለው ግን አርባ ምናምን ቁልፍ ነው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ቅርጽ ቢይዝ እንኳ ከመቶ አይዘልም።

የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ሲነሣ ስማቸው የሚቀድመው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። መፍትሔው ፊደሉን መገነጣጠል ሆነ። መሠረቱ በአንድ ቁልፍ፣ ቅጥያው በሌላ ቁልፍ ይመታል። «ለ» ለብቻው፣ ካዕብ የሚያደርገው ጭረት ለብቻው፣ ኃምስ የሚያደርገው ቀለበት ለብቻው። በወረቀቱ ላይ የሚወጣው ፊደል ይነበባል፤ የቁም ጸሐፊ ቢያየው ግን ያዝናል። ጭረቱ አንዳንዴ ከእግሩ ርቆ ይቆማል፣ አንዳንዴ በላዩ ይወጣል። ለማባዣ የሚሆን ስቴንስል ስንመታ ደግሞ ሪባኑን ስለምናወርድ የመታነው በደንብ አይታየንም። ስሕተት ከተገኘ በማረሚያ ቀለም መቀባት፣ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ እዚያው ቦታ ላይ መልሶ መምታት ነው። አለቃ «ሥላሴ በንጉሡ ሠ ነው» ብሎ ገጹን ሲመልስ፣ መሠረቱ ብቻ ሳይሆን ቅጥያውም እንደገና መመታት አለበት።

ይህን ድካም ምሁራን አይተውታል፤ እውነቱን መናገር ይገባል። በ1940 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ «ፊደልን ማሻሻል» የሚል መጽሐፍ ታተመ፤ ፊደሉ ለማተሚያና ለጽሕፈት መኪና እንዲመች ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ከዚያ ዘመን ወዲህ አልተኛም። ጥያቄውን ወደ ጉባኤ አዳራሽ ያስገባው ግን ዩኒቨርሲቲው ነው። በ1955 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። የኢትዮጵያ ጥናት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ግን ከተቋሙ ይቀድማል፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1959 ሮም ላይ፣ ሁለተኛው በ1963 ማንቸስተር ላይ ተካሄደ። ስለ ኢትዮጵያ የሚመክሩ ሰዎች ኢትዮጵያ ውስጥ የተሰበሰቡት በሦስተኛው ነው፤ በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ።

ያ ዓመት ለፊደል ትልቅ ዓመት ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በዚሁ በ1958 ዓ.ም. ነው፤ በመጽሐፉ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ቀንሰው ጻፉ፣ ለምን እንደዚያ እንዳደረጉም አስረዱ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ ጌታቸው ኃይሌ በዩኒቨርሲቲው የሥነ ጥበባትና የትምህርት ፋኩልቲ ለተዘጋጀ ሴሚናር ስለ አማርኛ አጻጻፍ ችግሮች ጥናት አዘጋጁ። የሴሚናሩ ጽሑፎች አስቀድመው ተባዝተው ለተሳታፊው ይሰጡ ነበር። ከማባዣው በፊት ደግሞ ስቴንስሉን የመታ ሰው ነበረ። ስለ አማርኛ ፊደል ችግር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥናት፣ የአማርኛው ምሳሌ መሐል መሐል እየገባበት፣ ከአንዱ መኪና እየተነሡ በሌላው እየተቀመጡ እንደሚመታ እኔ በኋላ በራሴ ሥራ ዐይቼዋለሁ። ለምሳሌው ቦታ ትተን የእንግሊዝኛውን እንጨርሳለን፤ ከዚያ ወረቀቱን ወደ አማርኛው መኪና አዛውረን፣ መስመሩን በዓይን ለክተን፣ በተተወው ቦታ ላይ እንመታለን።

ተመሳሳይ ድምፅ ስላላቸው ስለ ሞክሼ ፊደላት የነበረው ክርክር በኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚም ቀጥሏል። አካዳሚው በ1970ዎቹ ሞክሼዎቹ እንዲቀነሱ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ሐሳቡ በሥራ ላይ አልዋለም። ከታይፒስት ወንበር ላይ ሆኜ ስፈርደው፣ በዚህ ክርክር ውስጥ የኛ ድካም ያለ ቦታው ነው የገባው። ከ«ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ሁለቱ ቢቀሩ መኪናው ጥቂት ቁልፎች ያተርፍ ይሆናል። ጣታችንን የሚያደክመን ግን የፊደሉ ብዛት አልነበረም፤ የፊደሉ መገነጣጠል ነበር። እያንዳንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ መምታት፣ ቅጥያው በቦታው መቀመጡን ማየት፣ የጠመመውን ማረም። ይህን ማንም ቢጠይቀን እንነግረው ነበር። ከዚያ በላይ የሚያደክመን ደግሞ ጽሑፉን የሰጠን ሰው በአንዱ ገጽ «ዓመት»፣ በሚቀጥለው «አመት» ብሎ መጻፉና ሁለቱንም እንዳለ ምቺ ማለቱ ነበር። ለዚያ መድኃኒቱ የፊደል ቁጥር መቀነስ ሳይሆን ወጥ አጻጻፍ ነው፤ እርሱም ከመኪና ጋር አይገናኝም።

በኅዳር 1977 ዓ.ም. ስምንተኛው ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ ገና ጀማሪ ነበርኩ። አንድ መምህር ለጉባኤው ያዘጋጀውን ጥናት ከሥራ ሰዓት በኋላ መታሁለት። ያ ኅዳር የወሎና የትግራይ ረሃብ በዓለም ሁሉ የተሰማበት ኅዳር ነው። ሊቃውንቱ ስለ ጥንታዊ ብራናዎችና ስለ ቋንቋዎች ሲወያዩ በየመንገዱ ዳር ሰው ይሞት ነበር። ይህን የምለው ጉባኤተኞቹን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም በዚያው ሳምንት ስለ ግስ እርባታ የተጻፉ ገጾች ስመታ ነው ያመሸሁት። የአገር ጥናት ግን ከአገር ኑሮ ተለይቶ እንደማይታይ ያኔ ነው የገባኝ፤ ከዚያ ወዲህ የማንኛውንም ጉባኤ ቀን ስሰማ በዚያ ወር ሕዝቡ ምን ላይ ነበር ብዬ እጠይቃለሁ። አሥራ አንደኛው ጉባኤ በመጋቢት 1983 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር፣ ኢሕአዴግ ከተማይቱን ሊይዝ ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም ነበር።

በዚህ መሐል የፊደሉ ዕጣ ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር። አሜሪካ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችና ምሁራን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮምፒውተር በአማርኛ እንዲጽፍ ማድረግ ጀመሩ። አቶ ፍሥሐ አጥላው ካሊፎርኒያ ላይ በዳሸን ኢንጂነሪንግ፣ ዶክተር አበራ ሞላ ኮሎራዶ ላይ በሞድኢት፤ ማን ቀደመ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ለእኔ ሁለቱም ባለውለታዎቼ ናቸው። በዚያው ዘመን ዜሮክስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጆ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1984 ኮምፒውተር በብዙ ቋንቋዎች እንዴት ሊጽፍ እንደሚችል በአንድ የሳይንስ መጽሔት አስነበበ፤ በ1988 ደግሞ የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ የቁጥር ሠንጠረዥ ለማስፈር ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ዩኒኮድ ተባለ። የኛ ፊደል በዚህ ሠንጠረዥ እንዲገባም ቤከር ከኢትዮጵያውያኑ ጋር አብሮ ደክሟል።

እኛ አዲስ አበባ ያለነው ግን ዩኒኮድን ከመስማታችን በፊት ያለፍንበት ዘመን ነበር። አጋፋሪ የሚባለው ሶፍትዌር ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ወጣ፤ ፓወር ግዕዝ መጣ፤ ቪዥዋል ግዕዝ መጣ፤ ሌሎችም ነበሩ። የመጀመሪያውን ገጽ በስክሪን ላይ ሳይ ያለቀስኩ ታይፒስት እኔ ብቻ አይደለሁም። ፊደሉ ሙሉ ነበር። ጭረቱ ከእግሩ አልተለየም፣ ቀለበቱ በቦታው ነው፣ ለማረም ማረሚያ ቀለም አያስፈልግም። እጃችን የሚሠራው ግን ያንኑ የድሮውን ነበር፤ የ«ለ»ን ቁልፍ እንመታለን፣ ቀጥሎ የ«ኡ»ን፣ ስክሪኑ «ሉ»ን ያወጣልናል። እንደ ጽሕፈት መኪናው ሁለት ምት ነው፤ ለውጡ መገጣጠሙን መኪናው ራሱ መውሰዱ ነው። ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ ፊደሉ ለመኪናው ይጎንበስ አይጎንበስ ሲባል ኖሮ፣ የጎነበሰው መኪናው ሆነ።

ችግሩ ሶፍትዌሮቹ እርስ በርስ አለመተዋወቃቸው ነበር። እያንዳንዱ ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ሰጥቷል። በአጋፋሪ የተመታ ጽሑፍ በፓወር ግዕዝ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል። አንድ ጊዜ ለአንድ ስብሰባ የሚታተም የጥናት ጥራዝ በፍሎፒ ተሰብስቦ መጣልን፤ ጸሐፊዎቹ እያንዳንዳቸው ያላቸውን ሶፍትዌር ተጠቅመዋል፣ ሰብሳቢው ቢሮ አስቀድሞ አላሳወቃቸውም። ከግማሽ የሚበልጠውን ከወረቀት እያነበብን እንደ አዲስ መታነው። ያኔ የመደበኛ ኮድ አስፈላጊነት በየስብሰባው ይነሣ ነበር፤ እኛ ደግሞ ሌሊቱን በጣታችን እናውቀው ነበር።

ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. አገር ውስጥ ሲገባ በውጭ ያሉት ቀድመው በኢሜይል ይመክሩ ነበር። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ «ሴራ» የተባለውን ዘዴ አዘጋጁ፤ አማርኛን በላቲን ፊደል ጽፎ ወደ ግዕዝ ፊደል ለመመለስ የሚያስችል ሥርዓት ነው። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም የኛ ፊደል ገባ፤ ለ345 ፊደላትና ምልክቶች ለእያንዳንዳቸው ራሱን የቻለ ቁጥር ተሰጠ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማመስገን እፈልጋለሁ። መሠረቱንና ቅጥያውን ለያይቶ ማስገባት ይቻል ነበር፤ የሕንድ ፊደላት አናባቢያቸው ለብቻ ቁጥር ተሰጥቶት ነው የገቡት። ለኛ የተመረጠው ግን «ሉ» «ሉ» ሆና፣ «ሌ»ም «ሌ» ሆና እንድትገባ ነው፤ ልክ በገበታው ላይ ሕፃን እንደሚቆጥራት። ሞክሼዎቹም ሁሉም ገቡ። አራት ነጥብ፣ ድርብ ሰረዝ፣ ሁለት ነጥብ፣ ሃያዎቹ የግዕዝ ቁጥሮች ቦታ አገኙ። በኋላ የሰባት ቤት ጉራጌ፣ የብሊን፣ የመኤን፣ የጉሙዝና የሌሎችም ቋንቋዎች ፊደላት ተጨምረው ዛሬ በጠቅላላው 523 ደርሰዋል።

ሁለት ነጥብና የግዕዝ ቁጥር ግን ቦታ አግኝተው ተጠቃሚ አጡ። መኪናው ካሸነፈ ያሸነፈን በእነርሱ ነው። ቃልን ከቃል የሚለየውን ሁለት ነጥብ በባዶ ቦታ የተካነው ጊዜ ለመቆጠብ ነበር፤ ጊዜው ሳይቸግር ሲቀርም አልመለስነውም። ይህን ያወሳ ጉባኤ ቢኖር ደስ ይለኛል።

የሞክሼ ፊደላት ነገር በኮምፒውተር ዘመን አዲስ መልክ ይዞ መጣ። አሥራ አምስተኛው የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2003 ሐምቡርግ ላይ ሲካሄድ ዳንኤል ያዕቆብ አንድ ጥናት አቀረበ። ለእንግሊዝኛ የተሠራ፣ በተለያየ ፊደል ተጽፈው በድምፅ የሚገናኙ ቃላትን የሚያዛምድ ስሌት አለ፤ እርሱን ለአማርኛ አስማማው። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» ብሎ የጻፈ ሰው ያንኑ ቃል እንደፈለገ ኮምፒውተሩ እንዲያውቅ ማለት ነው። በዚህ ሐሳብ ውስጥ የታየኝ ጥበብ ይህ ነው፦ ማንም ፊደሉን እንዲተው አይገደድም፤ ልዩነቱን የሚሸከመው ስሌቱ ነው። ያን ሁሉ ዓመት «ይቀነስ፣ አይቀነስ» ሲባል ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ያላየነው መኪናው ገና ስላልበሰለ ነበር።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ኮምፒውተር አማርኛን እንዲረዳ ከተፈለገ ተሰብስቦ፣ ተለይቶ፣ የቃሉ ክፍል የተጻፈበት ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ይህ ስም ነው፣ ይህ ግስ ነው፣ ይህ መስተዋድድ ያለበት ስም ነው እየተባለ። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ምርምር ማዕከል ወጣ። ግርማ ደመቀና መስፍን ጌታቸው 1,065 የዋልታ ዜናዎችን፣ 210,000 ያህል ቃላትን፣ በ31 የቃል ክፍል መለያዎች አስለዩ። ዓለም ላይ ስለ አማርኛ የቃል ክፍል ከተጻፉት የኮምፒውተር ጥናቶች አብዛኞቹ በዚህ ሥራ ላይ የቆሙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 አቴንስ ላይ ስለ አፍሪካ ቋንቋዎች በተካሄደ አውደ ጥናት አራት ተመራማሪዎች፣ አትላች ዓለሙ አርጋው አንዷ ናቸው፣ በዚሁ ጽሑፍ ላይ የተለያዩ ዘዴዎችን ፈትነው አቀረቡ። በጥናታቸው ውስጥ ሥራው እንዴት እንደተሠራ ይገልጻሉ፦ ዘጠኝ ሰዎች መለያዎቹን በእስክሪብቶ በታተመ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ወረቀቶቹ ለታይፒስቶች ተሰጡ፤ ታይፒስቶቹ ወደ ኮምፒውተር አስገቡ። ለስሕተት በር የሚከፍት አሠራር እንደሆነም ያክላሉ።

እውነታቸውን ነው። 210,000 ቃላት፣ ከያንዳንዱ ጎን በእስክሪብቶ የተጻፈ የላቲን ምህጻር፣ የዘጠኝ ሰው የእጅ ጽሑፍ። ይህን የመታ ሰው ስሕተት ካልሠራ ሰው አይደለም። እኔ የምለው ሌላ ነው። የዘጠኙ መለያ ጸሐፊዎች ሥራ በጥናት ተመዘነ፤ ስሌቶቹ በመቶኛ ተመዘኑ፤ የታይፒስቶቹ ድርሻ ግን የተነሣው በስሕተት ምንጭነት ብቻ ነው። አንዷን ጠርቶ «የትኛው መለያ ከየትኛው ጋር ይመሳሰልብሽ ነበር? የትኛው የእጅ ጽሑፍ አስቸገረሽ?» ቢባል ኖሮ የትኛው ዓይነት ስሕተት የት እንደሚገኝ ትነግራቸው ነበር። እኛ አለቃችን «ነ»ን እንደ «ኘ» እንደሚጽፍ፣ ሌላው ሰባትና አንድን እንደሚያምታታ በአንድ ቀን እንለያለን። የመኪናውን ትምህርት የሚያበላሸው ይህ ዓይነቱ ስሕተት ነው፤ የሚያውቀውም ሰው ሥራ ፍለጋ ሌላ ቢሮ ሄዷል።

የንግግሩ ሥራ ከዚህ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሊዝበን ላይ ሰሎሞን ተፈራና ባልደረቦቹ ያቀረቡት የንግግር ስብስብ ነበር፤ 100 ሰዎች ያነበቡት 20 ሰዓት አማርኛ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ፈጠነ። የካቲት 2008 ዓ.ም. ላይ የጉግል ትርጉም አማርኛን ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2021 ማሳካኔ የተባለው የአፍሪካውያን ተመራማሪዎች ኅብረት በ10 የአፍሪካ ቋንቋዎች የሰውና የቦታ ስም የሚለይ ስብስብ ሲያወጣ፣ ከላቲን ፊደል ውጭ የተጻፈው አማርኛ ብቻ ነበር።

በጉባኤ ታሪካችን ግን ልቤን የሰበረው 2012 ዓ.ም. ነው። አይሲኤልአር የሚባለው ጉባኤ፣ ኮምፒውተር ከመረጃ ራሱ እንዲማር የሚያደርጉ ሰዎች በየዓመቱ የሚሰበሰቡበት፣ ከሚያዝያ 18 ጀምሮ ቦሌ ሚሌኒየም አዳራሽ እንዲካሄድ ተወስኖ ነበር። ወደ አፍሪካ እንዲመጣ የታሰበበት ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሞንትሪያል ላይ በተካሄደው ሌላ ትልቅ ጉባኤ ብዙ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ቪዛ ተከልክለው ቀሩ። ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ፣ ሁለቱም የአዲስ አበባ ልጆች፣ ጥቁር ተመራማሪዎችን ያሰባሰበውን ብላክ ኢን ኤአይን ከመሠረቱት ናቸው፤ አፍሪካዊው ቪዛ ከሚለምን ጉባኤው ይምጣ የሚለው ጥያቄ እየበረታ መጣ። በዚያ ሰሞን ሰሚት ባለችው ቤቴ ተማሪዎች የፖስተር ሕትመት ዋጋ ይጠይቁኝ ነበር። አንዱ «እትዬ፣ ፖስተሬ ላይ አማርኛው እንዳይበላሽብኝ አንቺ ራስሽ ተመልከቺልኝ» ብሎኛል።

መጋቢት 4 ቀን በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ ተገኘ። ጉባኤው በኢንተርኔት ሆነ፤ ከአምስት ሺህ በላይ ሰው በየቤቱ ተከታተለው። በዚያው ጉባኤ ሥር የአፍሪካ ቋንቋዎች አውደ ጥናትም በስክሪን ተካሄደ። ሚሌኒየም አዳራሽ ደግሞ ጥቂት ቆይቶ የኮሮና ሕሙማን መታከሚያ ሆነ። ጥናት የሚለጠፍበት ወለል ላይ አልጋ ተደረደረ። ጉባኤው በአካል ወደ አፍሪካ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ የተካሄደውም ኪጋሊ ላይ ነው። ለኪጋሊ ደስ ብሎኛል። የእኛ ተራ ግን ሳንይዘው አለፈ።

እነሆ ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ አሥራ አንደኛው ክፍለ ከተማ ከሆነ ወዲህ ብዙ ነገር ተቀይሯል። በ2017 ዓ.ም. ሲኤምሲ ላይ አዲስ ኢንተርናሽናል ኮንቬንሽን ሴንተር ተመረቀ። በዚያው ዓመት ጳጉሜ ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ እዚያ ተካሄደ። ከሰሚት በታክሲ የምንደርስበት ቦታ ነው። እንደዚህ ያለ አዳራሽ በሰፈሬ ሲቆም ሳይ አንድ ቀን ስለ ቋንቋችንና ስለ ኮምፒውተር የሚመክር ትልቅ ጉባኤ እዚያ እንደሚካሄድ አልጠራጠርም። ስለዚህ ሳይመሽ የምለምነውን ልናገር።

ጥናቶቹ በአማርኛም ይቅረቡ። ወደ ቤቴ የሚመጡት የኮምፒውተር ተማሪዎች ስለ አማርኛ የሚጽፉት በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ትምህርቱ በዚያ ስለሆነ አልወቅሳቸውም። አንዱን ግን «የጥናትህን ጭምቅ በአማርኛ አንድ ገጽ ጻፍልኝ፣ በነፃ እመታልሃለሁ» አልኩት። ሦስት ቀን ፈጀበት። ገጹን ይዞ ሲመጣ «እትዬ፣ በእንግሊዝኛ ስጽፈው ያልገባኝ ነገር እንደነበረ አሁን ነው ያወቅሁት» አለኝ። የመማሪያ መረጃና የመፈተኛ መረጃ ልዩነት ለእናቱ የሚያስረዳበትን አረፍተ ነገር ፈልጎ አግኝቶ ነበር።

ሁለተኛው ልመናዬ የአንድ ሰዓት ነው። ከመርሐ ግብሩ አንድ ሰዓት ለሚጽፉ እጆች ይሰጥ፤ ለታይፒስቶች፣ ለፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ በፍርድ ቤት ደጅ ለሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች፣ ለማተሚያ ቤት አራሚዎች። የምናቀርበው አለን። እኔ ሱቁን ከከፈትኩ ጀምሮ ደንበኛ ሲጽፍ የሚያጠፋውን በደብተር እይዛለሁ። ከሁሉ የሚበዛው የስም ነገር ነው። በልደት ሰርተፊኬት «ኃይሉ»፣ በትምህርት ማስረጃ «ሀይሉ»፤ ሰውየው አንድ መሥሪያ ቤት ሁለቱ አንድ ሰው ስለመሆናቸው ማረጋገጫ ጠይቆት ማመልከቻ ሊያጽፍ ይመጣል። ቀጥሎ የሰርግ ጥሪ ነው፤ «ሠርግ» ወይስ «ሰርግ» የሚለውን የሙሽራው አባትና አጎት እኔ ፊት ተከራክረውበታል። «ዐ»ን አሁን በወጣቶቹ ጽሑፍ አላገኛትም፤ «ኀ»ን የማገኘው በኀዘን ካርድ ላይ ነው። በስልክ የሚጽፉት ደግሞ ሳድስን በግዕዝ ይተካሉ፤ ሳድሱን ለማውጣት አንድ ንክኪ ስለሚጨምር ይመስለኛል። ይህኛው ከድምፅ ሳይሆን ከጣት የመጣ ስሕተት ነው።

የደብተሩን ይዘት በዓይነት በዓይነት እየለየሁ ነው። ርእሱን «በሰሚት አንድ የጽሕፈት ቤት ደንበኞች የፊደል አጻጻፍ» ብዬዋለሁ። ጥናቱ በአማርኛ ነው፤ የጥሪ ማስታወቂያ ሲወጣ እልካለሁ፤ የምመታውም እኔው ነኝ።